አብራሪው ካጠፋ አየር መንገዱ ነፃ ነው?

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ገጠመው። ርግቦቹ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ወደ ማረፊያው ለመመለስ ቢሞክሩም ኃይል ከዳቸው፤ ጎማ ሳይዘረጉ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት፤ እሳት ተነሣ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ።

በጎጃም ምድር የደረሰው ይህ አደጋ «ጥፋቱ የአብራሪው ነው ወይስ የአየር መንገዱ?» የሚለውን የተለመደ ክርክር ያፈርሰዋል። ወፍን ከማኮብኮቢያ አካባቢ ማራቅ፣ ሣሩን ማጨድ፣ ቆሻሻውን ማንሣት የኤርፖርቱ ሥራ ነው እንጂ የአብራሪው አይደለም።

በሰፊው የሚታመነው ግን ሌላ ነው፦ አብራሪው ስህተት ከሠራ አየር መንገዱ ከተጠያቂነት ያመልጣል ይባላል። እውነታው የዚህ ግልባጭ ነው። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ተሳፋሪ ሲሞት አየር መንገዱ እስከተወሰነ መጠን ድረስ ጥፋት ባይኖርበትም እንዲክስ ያስገድዳል። ከዚያ መጠን በላይ ሲጠየቅ ነፃ ለመውጣት ጉዳቱ በእሱም ሆነ በሠራተኞቹ ቸልተኝነት እንዳልደረሰ፣ ወይም የሌላ ወገን ጥፋት ብቻ እንደሆነ ማስረዳት አለበት። አብራሪው ደግሞ ሠራተኛው ነው። ስለዚህ የአብራሪው ጥፋት ሲረጋገጥ የአየር መንገዱ ሸክም ይከብዳል። የዓባይን በረሃ የሚወርድ አውቶቡስ ቢገለበጥም የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለንብረቱን «ሾፌሩ ነው» ብሎ እንዲሸሽ አይፈቅድለትም።

ሌላው እምነት ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ስለ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ሲነሣ የሚሰማው። ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ገና ምርመራው ሳያልቅ አሜሪካ ውስጥ «አብራሪዎቹ በደንብ አልሠለጠኑም» የሚሉ ነበሩ። ነገር ግን ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ ሥርዓት በአንድ የተበላሸ ጠቋሚ መረጃ ተመርቶ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ይደፋው ነበር። ከአምስት ወር ያነሰ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰዎችን ያጠፋውም ይኸው ሥርዓት ነው። አብራሪዎቹ የማረጋጊያውን ሞተር ማብሪያ ማጥፊያዎች አጥፍተው ነበር፤ ማረጋጊያውን በእጅ ሊያዞሩ ሲሞክሩ ግን አልቻሉም። ቦይንግ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ከተጎጂ ቤተሰቦች ጋር በቺካጎ ፍርድ ቤት ባደረገው ስምምነት ኃላፊነቱን ተቀብሏል።

የአሜሪካና የፈረንሣይ መርማሪዎች የአብራሪዎቹ አሠራር በኢትዮጵያ የምርመራ ሪፖርት ውስጥ በበቂ ሁኔታ አልታየም ማለታቸው እውነት ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ይሁን እንጂ የአደጋ ምርመራ በዓለም አቀፍ ሕግ ዓላማው ሌላ አደጋ እንዳይደርስ መከላከል ነው፤ ጥፋተኛ መወሰን ሥራው አይደለም። የካሳው ክስ በሌላ መንገድ፣ በፍርድ ቤት ይታያል። ዘመዱን በዓለም አቀፍ በረራ ያጣ የጎጃም ቤተሰብም የምርመራውን ሪፖርት ሲጠብቅ ጊዜው እንዳያልፍበት መጠንቀቅ አለበት፤ በስምምነቱ መሠረት ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ይቋረጣል።