በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ደጋ ባሉ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ስለሚገኙ ጉድለቶች

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባለው የደቡብ ጎንደር ደጋ የሚገኙ የቆዩ የጭቃ ቤቶች ሲመረመሩ አዘውትረው የሚታዩትን ጉድለቶች፥ ምክንያታቸውንና መለያቸውን መግለጽ ነው። ርእሱን የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ ቤት የሚገዛ ሰው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን የሚያፈስበት ሆኖ ሳለ፥ ፍተሻው ግን ብዙ ጊዜ ቆርቆሮውን አንጋጦ አይቶ፥ ክፍሎቹን ቈጥሮ ከመመለስ አያልፍም። ሁለተኛ፥ ሊጠገን የሚችል ቤት ጉድለቱ ስላልታወቀ ብቻ ሲፈርስ፥ የሚያሰጋው ደግሞ ቀለም ተቀብቶ ሰው ሲያድርበት በማየታችን ነው።

፩. የአገሩ ጠባይ

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከ4000 ሜትር በላይ የሚሆነው የጉና ተራራም ከእርስዋ ሩቅ አይደለም። በዓመት ወደ 1500 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምቱ ወራት፥ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ ነው። እንግዲህ የጭቃ ቤት ዋና ጠላቱ ውኃ መሆኑን ካወቅን፥ የዚህ አገር ቤት በየዓመቱ ብርቱ ፈተና እንደሚቀበል ግልጽ ነው።

ከተማይቱ ከራስ ጉግሣ ዘመን ጀምሮ የታወቀች ብትሆንም፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ከመጓዛቸው በፊት ስላቃጠሏት፥ ዛሬ የቆየ የምንለው የመኖሪያ ቤት በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው።

፪. ቤቱ እንዴት እንደሚቆም

ጉድለቱን ለማወቅ አስቀድሞ አሠራሩን ማስታወስ ያስፈልጋል። ቋሚዎቹ እንጨቶች በተቈፈረ ጉድጓድ ይተከላሉ፤ በማገር ይያያዛሉ፤ ከዚያም ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግባቸዋል። ስለዚህ የጣሪያውን ክብደት የሚሸከመው እንጨቱ ነው፤ ጭቃው ግን ልብሱ ነው ለማለት ይቻላል። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልብሱን አይቶ ስለ አጥንቱ በመፍረድ ነው።

የእንጨቱም ዐይነት ልዩነት ያመጣል። የቀድሞ ሰዎች የሚመርጡት ጥድና ወይራ በመሬት ውስጥ ብዙ ዘመን ይቆያል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ግን ፈጥኖ ማደጉና ቀጥ ማለቱ ቢያስመሰግነውም፥ ሳይታከም ከተተከለ በእርጥብ መሬት ውስጥ እንደ እነርሱ አይጸናም።

፫. የቋሚ እግር መበስበስ

ከሁሉ የሚከፋውና ከሁሉ የሚሰወረው ጉድለት ይህ ነው። ቋሚው ፈጥኖ የሚበሰብሰው ከጉድጓዱ ግርጌ ሳይሆን አፈርና አየር በሚገናኙበት መስመር ላይ ነው፤ ይኸውም እንጨት አብስባሹ ሻጋታ እርጥበትንም አየርንም ስለሚፈልግ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ ሲፈናጠር ይህንኑ ቦታ ያርሳል። ምርመራውም ቀላል ነው፤ በግድግዳው ግርጌ ጥቂት ጭቃ አንሥቶ ቋሚውን በቢላዋ ጫፍ መውጋት ነው። ጤነኛ እንጨት ቢላዋውን ይመልሳል፤ የበሰበሰ ግን ይቀበላል።

ወደ ፎገራ ሜዳ ዝቅ ሲባል ደግሞ የምስጥ ጉዳት ይበረታል። ምስጥ በግድግዳው ላይ እንደ ጅማት የተሳበ የአፈር መንገድ ስለሚሠራ፥ ይህን መንገድ ያየ መርማሪ እንጨቱን ሳያንኳኳ ማለፍ የለበትም።

፬. ስንጥቅን ስለ መለየት

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን ስንጥቅ ጭድ ያነሰው ምርጊት ሲደርቅ የሚያመጣው ስለ ሆነ አያሰጋም። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣና እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ግን ብዙ ጊዜ መሬቱ በአንድ ወገን መስመጡን ያመለክታል። በተለይ ዋልካ አፈር በክረምት ስለሚያብጥ፥ በበጋም ስለሚሰነጠቅ፥ በላዩ የተሠራ ቤት በየዓመቱ ይነቃነቃል። ስንጥቁ የቆመ ወይም የሚሄድ መሆኑን ለማወቅ ጫፉን በእርሳስ አመልክቶ፥ ቀኑን ጽፎ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም መጠበቅ በቂ ነው። የግድግዳውን መዝመም ደግሞ ቱንቢ ያስረዳል።

፭. የሲሚንቶ ልስን

በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ መለሰን ቤቱን የሚያጠነክር ይመስላል። ነገር ግን ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ይለሰልሳል፥ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን እንደ እርሱ አይለዋወጥም። ስለዚህ ሁለቱ ይለያያሉ፤ በስንጥቁ የገባውም ውኃ መውጫ ያጣል።

ባለፈው ክረምት ካየናቸው ቤቶች በአንዱ ያጋጠመን ይህ ነው። የቤቱ ባለቤት አንዲት አሮጊት እናት፥ «ልጆቼ፥ ይኸ ግድግዳ እኮ ሲሚንቶ ነው፤ ምን ይሆናል ብላችሁ ነው?» አሉን። በጣታችን ብናንኳኳው እንደ ባዶ ቅል ጮኸ። በእርሳቸው ፈቃድ ከግርጌው ጥቂት ብናነሣ፥ ከጎን ለጎን የተተከሉት ሦስት ቋሚዎች በእጅ የሚፈረፈሩ ሆነው ተገኙ። የልጅ ልጆቻቸው አልጋ ከዚያው ግድግዳ ሥር ስለ ነበረ ወዲያው ወደ ሌላው ወገን ተዛወረ። ቤቱ ግን አልፈረሰም፤ አናጢ ተጠርቶ ጣሪያውን በድጋፍ ይዞ፥ ሦስቱን ቋሚዎች ለወጠና ግድግዳው እንደገና በጭቃ ተመረገ።

፮. ክዳን

የሣር ክዳን በጭስ እየታጠነ ከተባይ ይጠበቅ ነበር። ማድቤቱ ከመኖሪያው መለየቱ ለዐይንና ለሳንባ የሚበጅ ቢሆንም፥ ጭሱ ሲቀር ሣሩና ወራጁ ሌላ ጥበቃ እንዲሹ መዘንጋት አይገባም። ሣሩ በቆርቆሮ ሲተካ ደግሞ ወጪ ለመቈጠብ ሲባል የጣሪያው ጠርዝ ብዙ ጊዜ ያጥራል፤ በዚህም ውሽፍሩ ግድግዳውን ያገኘዋል።

በቆርቆሮው ላይ የሚታዩት ዋና ጉድለቶች ሦስት ናቸው፤ ዝገት፥ የላላ ምስማርና የአሸንዳ አለመኖር። ምስማር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ላይ መመታት የለበትም። የቆርቆሮ ቁጥር በጨመረ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድም ገዢ ሊያውቅ ይገባዋል፤ ባለ 35 ከባለ 28 የሳሳ ነው። ወደ ኮርኒሱ ሲወጣም አይጥ የበላው የኤሌክትሪክ ሽቦ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል።

፯. መቼና ከየት መጀመር

ቤት በአብዛኛው የሚታየው በበጋ፥ ግድግዳው ደርቆ በተቀባበት ጊዜ ነው። እኛ ግን ክረምቱ ሳይወጣ፥ በነሐሴ መጨረሻ ማየትን እንመርጣለን። ምርመራውም ከውጭ ይጀመር፤ አስቀድሞ ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ፥ ቀጥሎ የግድግዳው ግርጌ፥ ከዚያ ስንጥቁ፥ በመጨረሻም ጣሪያው ይታይ። ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከተገኘ ምክንያቱን መጠየቅ ነውር አይደለም።

በአጭሩ፥ ከላይ ከዘረዘርናቸው ጉድለቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአንድ ነገር፥ መንገድ ካጣ ውኃ ነው። አሸንዳ መስቀል፥ በቤቱ ዙሪያ ቦይ መቈፈርና የግድግዳውን ግርጌ በድንጋይ ከፍ ማድረግ አዲስ ቤት ከመሥራት እጅግ ያነሰ ወጪ ይጠይቃሉ። ቤቱ ይፍረስ ወይም ይጠገን ብሎ ከመፍረድ በፊት ግን ቢላዋ ይዞ ጎንበስ ብሎ ግርጌውን ማየት ይቀድማል።