ከዩኒቨርሲቲ በፊት ያሉት ሰባት ዓመታት



የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰማል፤ «ልጃችን ለምን ሳያልፍ ቀረ?» ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን ዘግይቷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የፈተናውን ግማሽና ከዚያ በላይ ማምጣትን መስፈርት አድርጓል። በዚያ ዓመት ያለፉት 29,909 ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ585,882 ተፈታኞች መካከል 48,929 አለፉ፤ ከመቶ 8.4 መሆኑ ነው። ይህን ያህል ጠባብ የሆነ በር በአንድ ዓመት ሩጫ አይደረስበትም።

በነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። የጥጋቡ ዓመታት ሳያልፉ እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ መከሩ፤ ሕዝቡም ከረሃብ ዳነ። በአላህ መመካት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን። ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትም ሰባት ዓመታት ናቸው። የልጃችን ጎተራ የሚሞላው በእነዚህ ነው።

ገንዘቡ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ብዙ ወላጅ «ዩኒቨርሲቲ ቢገባ በምን አስተምረዋለሁ?» ብሎ ይጨነቃል። ነገር ግን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የወጪ መጋራት አሠራር አለ። ተማሪው ውል ፈርሞ ይማራል፤ የሚጠበቅበትን የትምህርት፣ የምግብና የመኝታ ድርሻ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል። ስለዚህ የትራንስፖርት፣ የልብስና የኪስ ወጪ ባይቀርም፣ ዋናው ወጪ በሩ ላይ አይጠየቅም።

ለገጠር ቤተሰብ ከባዱ ወጪ የሚመጣው ቀደም ብሎ፣ ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከመንደሩ የራቀበት ልጅ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ቤት ይከራያል፤ ስንቁንም ከቤት ያመላልሳል። በዚያ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠውም በእንግሊዝኛ ነው። የቤት ኪራይ ያጣ፣ ስንቁ ያለቀበት፣ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ወደኋላ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ ለዩኒቨርሲቲ ብለን የምንቆጥበው ገንዘብ መዋል ያለበት ለእነዚህ አራት ዓመታት ነው።

የገበሬው ችግር ደግሞ የጊዜ ነው። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ወቅት ነው። በቆሎውና በርበሬው ተሸጦ እጅ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የመስከረሙ ኪራይ ካለፈው ምርት ሽያጭ ላይ ወዲያው ካልተነሣ፣ በሠርግና በድግስ አልቆ በብድር ይተካል። ነጋዴ ወንድሞችም ከሳምንቱ የገበያ ቀን ትርፍ ጥቂት እያነሡ ማስቀመጥ ይችላሉ። ወለድን ለሚፈራ ሙስሊም በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች አሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ጨምሮ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ ሂሳብ ይከፍታሉ።

ከአሁኑ የሚሠራ ሥራ

አንደኛ፣ ስም። ሙሐመድ፣ መሐመድ፣ ሙሀመድ እየተባለ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ስም በፈተና ምዝገባ ጊዜ ብዙ ያንከራትታል። የልደት ካርዱ፣ የትምህርት ማስረጃውና የፋይዳ መታወቂያው በአማርኛም በእንግሊዝኛም አንድ ይሁኑ።

ሁለተኛ፣ የትምህርት መስክ። ልጁ ተፈጥሮ ወይም ማኅበራዊ ሳይንስ የሚመርጠው 11ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ምርጫው በጓደኛ ግፊት ሳይሆን የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ውጤቱን አይቶ ይሁን። ሒሳብና እንግሊዝኛ ግን በሁለቱም መስክ ይፈተናሉ።

ሦስተኛ፣ ሴት ልጅ። ገንዘብ ሲያጥር ቤት የምትቀረው ብዙ ጊዜ እርሷ ናት። ዕውቀት መፈለግ በሴቷም ላይ ግዴታ መሆኑን እያወቅን የእርሷን ኪራይ የመጨረሻ ማድረግ ፍትሕ አይደለም። ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተባብሮ ለሴት ልጆቹ በዘመድ አቅራቢያ አንድ ቤት ቢከራይ ወጪውም ሥጋቱም ይቀንሳል።

አራተኛ፣ መድረሳው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በተከሰተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከትምህርት የራቀ ልጅ ቁርኣን በሚቀራበት ቦታ፣ ሰላም እስከሆነ ድረስ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት ሒሳብና እንግሊዝኛ ቢያነብ ሁለቱ ዕውቀቶች አይጣሉም። ከየጀመዓው አንድ መምህር ወይም አንድ ተመራቂ ይበቃል። ለድሃው ተማሪም ከሰደቃ መጽሐፍ ሊገዛለት ይችላል፤ ስለ ዘካ ደግሞ ኢማማችሁን ጠይቁ።

አምስተኛ፣ ውሉ። የወጪ መጋራት ውል ዕዳ ነው። በእስልምና ዕዳ በአንገት ላይ ያለ አማና ነውና ልጁ ሳይፈርም በፊት አብራችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ።

ግማሹን ነጥብ ያላገኘ ልጅ ግን የወደቀ ሰው አይደለም። የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም ቴክኒክና ሙያም አሉ፤ መስፈርታቸውን ቀደም ብሎ ማወቅ የዕቅዱ አካል ነው። ሐላል ሥራ ሁሉ ክብር አለው።

ዛሬ 6ኛ ክፍል የገባ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ የእናንተ ሰባት ዓመት ዘንድሮ ጀምሯል። አላህ ጥረታችንን ይቀበለን፤ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለሀገራቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። አሚን።