ጉድጓዱ ሲዘጋ መንደሩ ምን ይሆናል?

እስቲ አንድ ትንሽ ከተማ አስቡ። አባት የሚሠራው ከመሬት በታች፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ነው። አጎትም እዚያው፣ የጎረቤት ልጅም እዚያው። ባለ ሱቁ፣ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፀጉር አስተካካዩ የሚያድሩት በእነሱ ደሞዝ ነው። አንድ ቀን ጉድጓዱ ተዘጋ። ስንት ሰው ሥራ አጣ?

መዝገቡ ላይ 1,000 ሠራተኛ ካለ መልሱ 1,000 ይመስላል አይደል? ግን ቆፋሪው ደሞዝ ሲያጣ ዳቦ ይቀንሳል፤ ጋጋሪው ረዳቱን ያሰናብታል፤ ረዳቱ ደግሞ ፀጉሩን ቶሎ ቶሎ አይስተካከልም። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ያጣል። ቤት ሸጦ መሄድም ቀላል አይደለም፤ ሁሉም ሻጭ ሲሆን ገዢ ከየት ይመጣል?

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ፣ ስለ ከሰል ሳነብ ቀድሜ የማየው ሜጋዋቱን እና የካርቦን ልቀቱን ነበር። ከሰል አየር ንብረቱን ክፉኛ ስለሚጎዳ መተው አለበት። እንዴት እንደምንተወው ግን ማሽን ብቻ አይመልሰውም። ሁለት አገሮችን እናወዳድር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

መጀመሪያ ብሪታንያ። በደቡብ ዌልስ፣ ትሬዴጋር በምትባል ከተማ፣ ሠራተኞች ልክ እንደኛ እድር ከደሞዛቸው እያዋጡ ለቤተሰባቸው ሐኪም እና መድኃኒት ያገኙ ነበር። የከተማዋ ልጅ አኑሪን ቤቫን በ13 ዓመቱ ጉድጓድ ገብቶ የሠራ ሰው ነው፤ በ1948 የጤና ሚኒስትር ሆኖ የብሪታንያን ነፃ የሕክምና አገልግሎት ሲያስጀምር ይህን ልምድ ይዞ ነበር። ጉድጓዱ ሰዎችን ያስተሳስር ነበር ማለት ነው።

በ1984 ጉድጓዶች ሊዘጉ መሆኑ ሲሰማ ሠራተኞቹ ለአንድ ዓመት ያህል ሥራ አቁመው አደሙ፤ ተሸንፈውም ተመለሱ። በቀጣዮቹ 10 ዓመታት አብዛኞቹ ጉድጓዶች ተዘጉ። ያኔ ምክንያቱ አየር ንብረት ሳይሆን ወጪ እና ፖለቲካ ነበር። ለተሰናባቾቹ ካሳ ተከፈለ፣ አዲስ ሥራ ግን በዚያ ፍጥነት አልመጣም። ብዙዎቹ ሥራ አጥ ተብለው ሳይመዘገቡ በሕመም ድጎማ መኖር ጀመሩ። ስለዚህ የሥራ አጦች ቁጥር እንኳ ጉዳቱን በሙሉ አያሳይም።

አሁን ጀርመን። በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ወደ 600 ሺህ ሰዎች በጥቁር ድንጋይ ከሰል ዘርፍ ይሠሩ ነበር፤ አብዛኞቹ ሩር በሚባለው አካባቢ። የመጨረሻው ጉድጓድ የተዘጋው በቦትሮፕ ከተማ በ2018 ነው። 60 ዓመት ፈጀ! የሠራተኛ ተወካዮች በኩባንያዎቹ ቦርድ ውስጥ ድምፅ ነበራቸው። ዕድሜያቸው የገፋው ቀድመው ጡረታ ወጡ፣ ወጣቶቹ ወደ ሌላ ጉድጓድ ተዛወሩ ወይም ሌላ ሙያ ተማሩ። ዩኒቨርሲቲ ባልነበረው አካባቢ በ1965 የቦኹም ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ጀመረ። በእርግጥ ለድጎማ እጅግ ብዙ ገንዘብ ወጥቷል፤ የከሰሉ ጭስም በዚያው ልክ ረዝሟል። ጌልዘንኪርኸንን የመሳሰሉ ከተሞች ደግሞ ዛሬም በሥራ አጥነት ይቸገራሉ። ቢሆንም ሰዎቹ ለመዘጋጀት ጊዜ አግኝተዋል።

አንድ የምህንድስና ነገር ልጨምር። በቁፋሮው ምክንያት የሩር መሬት በአንዳንድ ቦታ ከ20 ሜትር በላይ ሰጥሟል። ፓምፖቹ ቢቆሙ ውሃው ይተኛና ሰፈሮች ሐይቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ከሰሉ አለቀም አላለቀም፣ ፓምፖቹ መሥራት አለባቸው። ለዚህ ወጪ ገንዘብ የሚያቀርብ ድርጅት የተቋቋመው በ2007 ነው፤ የመጨረሻው ጉድጓድ ከመዘጋቱ 11 ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

ለውሃው እንዲህ ቀድሞ ከታሰበ፣ ለሰውስ? የኛ አገር ሲሚንቶ ፋብሪካዎች ዛሬ በከሰል ይሠራሉ፤ ከውጭ የሚገባውን ለመተካትም አገር ውስጥ ይቆፈራል። እናንተ ነገ መሐንዲስ ወይም ባለሥልጣን ሆናችሁ የአንድ ጉድጓድ ዕቅድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፣ ምን ያህል ከሰል እንደሚወጣ የሚለውን ገጽ ታነባላችሁ። ከዚያ ሌላ ገጽ ፈልጉ፦ ሲዘጋ ሠራተኞቹ ምን ይሆናሉ የሚለውን። ከሌለ ዕቅዱ አላለቀም።