ወደ ጅቡቲ ወርደው ባሕር ለመጥለቅ ለሚያስቡ ነጋዴዎች፤ ስለ አጥላቂ ድርጅት አመራረጥ

ከቆቦና ከራያ ቆላ ተነሥቶ ዕቃውን ለማስለቀቅ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ ነጋዴ፥ ሰነዱ ተሟልቶ ኮንቴይነሩ ከወደብ እስኪወጣ ድረስ በዚያ ከተማ ቀናት መጠበቁ የታወቀ ነው። ይህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሆቴል ጥላ ሥር ቡና በመጠጣትና ለአስተላላፊው ስልክ በመደወል ያልፋል። አንዳንዶች ግን፥ ይልቁንም ልጆቻቸው የሚገፋፏቸው፥ ከከተማው ፊት ለፊት ወዳሉት ወደ ሙሻና ወደ ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ተሻግረው፥ አየር የተሞላ ቦምቦላ በጀርባቸው አዝለው ከባሕር በታች ያለውን ፍጥረት ለማየት ይመኛሉ። በአይሮፕላን ወደ ዛንዚባር ለዕረፍት የሚሄዱትም አሳብ እንደዚሁ ነው።

ጦርነቱ በሐምሌ 2013 እና በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በከተማችን ላይ ያደረሰውን ለሚያስታውስ አንባቢ፥ ስለ ሽርሽር መጻፍ ያለ ቦታው የገባ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ሕይወት ያለበት ስለ ሆነ ግን ዝም ማለት አልወደድሁም።

አሠሪዬ በታኅሣሥ ወር ሁለት ኮንቴይነር ዕቃ ለማስለቀቅ ሲዘጋጁ፥ ልጃቸው አብሯቸው ወርዶ ሁለቱም ባሕር እንዲጠልቁ ለመናቸው። ደብዳቤ የመጻፉ ሥራ እንደ ልማዱ በእኔ ላይ ወደቀ። እኔም ለውጭ አገር ዕቃ ላኪ ፕሮፎርማ እንደምንጠይቅ አድርጌ ለሦስት አጥላቂ ድርጅቶች ጻፍሁ። አንደኛው ዋጋውን ብቻ ጽፎ መለሰ። ሁለተኛው ያማሩ የዓሣ ፎቶግራፎች ልኮ፥ ከገንዘብ በቀር ምንም ይዛችሁ መምጣት አያስፈልጋችሁም አለን። ሦስተኛው ግን ዋጋ ከመንገሩ በፊት ጥያቄ ደረደረ፤ ዕድሜያችሁ ስንት ነው? የጆሮ፥ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም አለባችሁ? ዋና ትችላላችሁ? ከጠለቃችሁ በኋላ በስንት ሰዓትና በየትኛው መንገድ ትመለሳላችሁ? አሠሪዬ በመጨረሻው ጥያቄ ተቈጡ። «እኔ በየት በኩል ወደ ቤቴ እንደምገባ ለእነሱ ምናቸው ነው?» አሉኝ። በዚያን ሰዓት የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ቈይቼ መርምሬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። ሰው ወደ ባሕር በጠለቀ ቍጥር በየ10 ሜትሩ በገላው ላይ የሚያርፈው ግፊት፥ በባሕር ዳር ላይ ያለው አየር የሚጫነንን ያህል ይጨምራል። በዚህ ግፊት ውስጥ ሆኖ ከሚተነፍሰው አየር ናይትሮጂን የተባለው ክፍል በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ያልተከፈተ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ጸጥ ብሎ መቆሙን፥ ክዳኑ በድንገት ሲነሣ ግን መፍላቱን ሁላችንም እናውቃለን። ጠላቂውም ቸኵሎ ወደ ላይ ቢወጣ በደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን እንደዚሁ አረፋ ይሆናል። ከዚህም የመገጣጠሚያ ሕመም፥ መደንዘዝ፥ ሲከፋም ሽባነትና ሞት ይመጣል። በዝግታ ወጥቶ ከውሃው ቢወጣም እንኳ ትራፊው ከገላው ለመውጣት ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ወደ ደጋ መውጣት ክዳኑን እንደገና እንደ መክፈት ነው፤ በከፍታ ቦታ የአየሩ ግፊት ያንሳልና።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1980 የተቋቋመውና የጠላቂዎችን ደኅንነት የሚከታተለው ዳይቨርስ አለርት ኔትዎርክ፥ አንድ ጊዜ የጠለቀ ሰው በአይሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፥ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። ይህ ምክር የተሰጠው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላለው የአየር ግፊት ነው። ለእኛ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። በሚሌና በጭፍራ በኩል የሚመለሰው መኪና ወልድያ ሲደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ቆቦ የሚወርደው። ደሴና አዲስ አበባም ከዚያ ይበልጣሉ። ባሕር ዳር የሚኖር አውሮፓዊ ከአይሮፕላን ሲወርድ ወደ ዝቅተኛ አገሩ ይገባል፤ ከዛንዚባር ተመልሶ ቦሌ የሚያርፈው ኢትዮጵያዊ ግን እዚያው በከፍታው ላይ ይቀራል። ስለዚህ የመመለሻ መንገዳችንን የሚጠይቅ ድርጅት የማይመለከተውን የሚጠይቅ አይደለም። እኔ ብሆን ይህን ሳይጠይቅ ገንዘብ ከሚቀበል ጋር ጀልባ አልሳፈርም።

ሌላው ትልቅ ነገር አየሩ ነው። ቦምቦላው የሚሞላው በከተማችን ጎሚስታ ቤቶች ጎማ የሚነፋውን በሚመስል፥ ነገር ግን ለመተንፈሻ በተለየ ኮምፕሬሶር ነው። ኮምፕሬሶሩ አየር የሚስብበት አፍ ከሞተር ጭስ አጠገብ ከሆነ መርዘኛው ካርቦን ሞኖክሳይድ አብሮ ይገባል፤ መርዙም ሽታ የለውም። ነጋዴ መጋዘን ሳያይ ዕቃ አይገዛምና፥ ይህንም ክፍል አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ቦምቦላው በውሃ ግፊት የተፈተነበት ወርና ዓመት በአንገቱ ላይ ተመትቶ ይታያል፤ ፈተናው በብዙ አገር በየ5 ዓመቱ ይደረጋል። በታሸገ ምግብ ላይ የአገልግሎት ዘመን ማንበብ ለለመደ ባለ ሱቅ ይህ አይከብደውም። በጀልባው ላይ የኦክሲጅን ቦምቦላ አለ? የግፊት ሕክምና ክፍል ያለው የቅርቡ ሆስፒታል የት ነው? እነዚህን ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ መቀበል ይገባል።

ስለ ዋጋ ብዙ አልጽፍም፤ አንባቢዎቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። መሣሪያው፥ ጀልባው፥ ምሳውና አስተማሪው በዋጋው ውስጥ መግባታቸውን ብቻ አስቀድሞ ማረጋገጥ ነው። አስተማሪው ፓዲን ወይም ሲማስን ከመሰለ ዓለም አቀፍ ድርጅት የተሰጠውን ምስክር ወረቀት ሊያሳይ ይገባዋል። በፓዲ ደንብ ለሙከራ የሚጠልቅ ጀማሪ ከ12 ሜትር አያልፍም፤ የመጀመሪያውን ትምህርት የጨረሰም እስከ 18 ሜትር ነው። ትምህርቱ ቀናት ይወስዳል፤ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ በውሃ ላይ መንሳፈፍም ይጠየቅበታል። በዚህ ላይ የራያ ሰው ማፈር የለበትም። ወንዞቻችን በክረምት ደራሽ ጎርፍ ያመጣሉ፥ በበጋ ብዙው ወርዳቸው አሸዋ ነው፤ ዋና የት እንማር?

ዕድሜው ከ45 ዓመት ያለፈ ሰው በጤና መጠይቁ ላይ ተጨማሪ ጥያቄ ይቀርብለታል፤ እንደ መልሱም የሐኪም ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። አሠሪዬም ሦስተኛውን ድርጅት ከመረጡ በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርበው የደም ግፊት ስለ ተገኘባቸው እንዳይጠልቁ ተከለከሉ። ልጃቸው አንድ ቀን ጠለቀ። እሳቸው ግን በማግስቱ ተንሳፋፊ ሰደርያ ለብሰው፥ አስተማሪ አጠገባቸው ሆኖ፥ በአርታ ባሕር ዳር በኩል ከውሃው ፊት ላይ ሆነው ዌል ሻርክ የሚባለውን፥ ከዓሣ ሁሉ የሚበልጠውን ፍጥረት አዩ። ይህ ዓሣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ወደ ታጁራ ሰላጤ ይመጣል፤ የሚመገበውም ደቃቃ የባሕር ፍጥረት ስለ ሆነ ሰውን አይነካም። ጀልባ ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ እንደ ጠበቃቸውም በደስታ ነግረውኛል።

ኮንቴይነሮቹ በዚያኑ ዕለት ተለቅቀው ነበር። ሾፌሩም በማታ እንነሣ ብሎ ቢጎተጉትም፥ ልጁ ከጠለቀ ገና 24 ሰዓት ስላልሞላው አሠሪዬ አንድ ሌሊት ጨምረው አደሩ። የሆቴሉን ደረሰኝ ሲያስረክቡኝ በየትኛው ሒሳብ ልመዝግበው ብዬ ብጠይቃቸው፥ «በመጓጓዣ ጻፈው» አሉኝ።