የጋራውን አንቀጽ አንድ ቦታ ጻፉት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለአንድ ብሎክ የውሃ ፓምፕ መመሪያ እንጻፍ ብንል፣ አንባቢው ብዙ ነው፦ ጥበቃው፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ የማኅበሩ ኮሚቴ፣ ተከራዩ። ችግሩ ፓምፑ ሲቀየር ይመጣል። ለእነዚህ አንባቢዎች በአራት የዎርድ ፋይል የተገለበጠው የማጥፊያ ቅደም ተከተል በሦስቱ ይታረማል፣ አንዱ ይረሳል። ሰው የሚጎዳው በተረሳው ነው።

እንደ ማድካፕ ፍሌር ያሉ ሶፍትዌሮች መፍትሔ አላቸው፦ የጋራው አንቀጽ አንዴ ይጻፋል፤ ሁሉም መመሪያዎች ከዚያ ይወስዱታል። «ለጥበቃ» የሚል ምልክት ያለው ክፍል በጥበቃው መመሪያ ብቻ ይወጣል። ከአይቢኤም የመነጨውና እ.ኤ.አ. በ2005 የስታንዳርድ አውጪው ድርጅት የኦኤሲስ ስታንዳርድ የሆነው ዲታ (DITA) የተባለው የቴክኒክ ሰነድ አወቃቀርም የቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ሶፍትዌር ስትመርጡ ግን መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ መመሪያው የኦሮምኛ ትርጉም ካለው፣ አማርኛው ሲታረም ትርጉሙ እንዳረጀ ያሳውቃል? ወረቀቱንም አትናቁ። ኔትወርክ ሲጠፋ የሚነበበው ፓምፕ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ነው፤ ከዚያው የጋራ ምንጭ ይታተም፣ ቀኑም ይጻፍበት።