ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ጄጁ ደሴት፤ አጭር ጉዞን በፊዚክስ ማቀድ

ለየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ኮሪያ የሚለው ስም የሩቅ አገር ስም ብቻ አይደለም፤ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ የኮሪያ ዘማቾች የሰፈሩበት «ኮሪያ ሰፈር» ይገኛልና። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፍሮ ፑሳን ወደብ እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጅቶበታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሴኡል መብረር ከጀመረ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል። በምድር ገጽ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ የሚሰመረው አጭሩ መስመር 9,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ይህን መንገድ በዐሥር ሰዓት ከጥቂት ደቂቃዎች ይጨርሰዋል።

ርቀቱ ሲያጥር ጉዞውም አጠረ። ዛሬ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው በኮሪያ የሚማሩ ወጣቶቻችን በዕረፍታቸው ሰሞን ወደ ደቡባዊቷ ደሴት ወደ ጄጁ ብቅ ማለት ይሻሉ። ገንዘብ አጠራቅሞ በአንድ ሳምንት ፈቃድ ከዚሁ ከአዲስ አበባ ደርሶ መመለስ የሚያስብም አይጠፋም። ራሱን ችሎ የሚጓዝ ሰው አስጎብኚ የለውም፤ ስሌቱ ቢዛባ የሚያርምለትም አያገኝም። የዓመታት ቁጠባው በጥቂት ቀናት ውስጥ በድካምና በወረፋ ሊባክንበት ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ አጭር ጉዞን የሚበሉት የሰውነት ሰዓት፣ የአየር ጠባይና የመጠባበቂያ ጊዜ እጦት ሲሆኑ፣ የሦስቱንም ስሌት ቲኬት ከመግዛት በፊት እዚሁ እንጦጦ ግርጌ ሆኖ መሥራት ይቻላል።

በሩ በየት በኩል ነው?

በመጀመሪያ ስለ መግቢያው በአጭሩ እንናገር። «ጄጁ ያለ ቪዛ ይገባባታል» የሚል ወሬ በሰፊው ይሰማል። ደንቡ ግን የሚመለከተው ከውጭ አገር በቀጥታ ወደ ደሴቲቱ የሚደርስን መንገደኛ ነው፤ ለሁሉም አገር ዜጎችም አይሠራም። ኢንቾን ላይ ወርዶ ወደ አገር ውስጥ በረራ የሚሸጋገር ሰው ዋናውን የኮሪያ ምድር ረግጧልና የኮሪያ ቪዛ ያስፈልገዋል። ስለዚህ የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር በአዲስ አበባ የሚገኘውን የኮሪያ ሪፐብሊክ ኤምባሲ መጠየቅ ነው።

ከኢንቾን ወደ ጊምፖ አውሮፕላን ማረፊያ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ከጊምፖ እስከ ጄጁ ደግሞ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ በረራ ነው። ሁለቱ ቢደመሩ ሁለት ሰዓት አይሞሉም። ሻንጣ መጠበቁ፣ ፍተሻው፣ ወረፋው ሲታከሉበት ግን ግማሽ ቀን ይሄዳል። ዐቃጁ በወረቀቱ ላይ ማስፈር ያለበት ከበር እስከ በር የሚፈጀውን ጊዜ ነው።

የማይዞረው የእጅ ሰዓት

አሁን ወደ አንድ አስደናቂ አጋጣሚ እንምጣ። በየካ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን በጄጁ የግድግዳ ሰዓት ስንት ይላል? መልሱ፦ 1 ሰዓት። ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። የአገራችን አቆጣጠር ከንጋት ስለሚነሣ ከዓለም አቀፉ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። ኮሪያ ደግሞ በምሥራቅ በመሆኗ ከእኛ በ6 ሰዓት ትቀድማለች። ሁለቱ ሲደመሩ 12፣ ማለትም የሰዓት ቆጣሪው አንድ ሙሉ ዙር ይሆናሉ። በእኛ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ያሰረ ኢትዮጵያዊ ኮሪያ ሲደርስ መርፌውን መንካት አያስፈልገውም። ኮሪያውያን በበጋ ሰዓታቸውን ስለማይቀይሩ ይህ ዓመቱን ሙሉ የጸና ነው። ልዩነቱ የእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ለእነርሱ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት መሆኑ ነው።

የእጅ ሰዓቱ ባይዞርም የሰውነት ሰዓት መዞሩ አይቀርም። በአንጎላችን ውስጥ የእንቅልፍንና የሰውነት ሙቀትን ዑደት የሚመራ ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት ወደ ምሥራቅ ለሚጓዝ ሰው በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይስተካከላል። የ6 ሰዓት ልዩነት ስድስት ቀን ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው። የአምስት ቀን ጎብኚ ሰውነቱ ኮሪያ ሳይደርስ እርሱ ተመልሶ ይሳፈራል።

የሰውነታችን ሙቀት ዝቅተኛ፣ ንቃታችንም ደካማ የሚሆነው በአገራችን አቆጣጠር ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት ግድም ነው። በእጅ ሰዓቱ አጋጣሚ መሠረት ይህ ጊዜ በጄጁ ከረፋዱ 10 እስከ 11 ሰዓት ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በዚህ ሰዓት መኪና መንዳት ወይም ገደል ዳር መሄድ ተገቢ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል። ደማቅ ብርሃን ከዚህ ዝቅተኛ ነጥብ በኋላ ሲያገኘን የሰውነትን ሰዓት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ከእርሱ በፊት ሲያገኘን ግን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ወደ ምሥራቅ የሄደ መንገደኛ የሚፈልገው ወደ ፊት መገፋትን ነው። እንግዲህ የጄጁ ዝነኛ ትርኢት በሶንግሳን ኢልቹልቦንግ ጫፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ማየት ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ይህን ያደረገ ሰው ብርሃኑን ያለ ሰዓቱ ስለሚቀበል ማስተካከያው ይዘገይበታል። የፀሐይ መውጫው ለመጨረሻው ማለዳ ይቆይ። በመጀመሪያው ቀን ከረፋዱ 11 ሰዓት በኋላ ደጅ መዋል ይሻላል። ከመነሻው በፊትም በየካ ሳሉ ለሦስት ቀናት በየቀኑ አንድ አንድ ሰዓት አስቀድሞ መተኛትና የንጋትን ፀሐይ መሞቅ የልዩነቱን ከፊል ሊያቀልል ይችላል።

ከከተማችን ዝቅ የሚል ተራራ

በደቡብ ኮሪያ ከፍተኛው ተራራ በጄጁ መካከል የሚገኘው ሃላሳን ነው። ከፍታው 1,947 ሜትር ነው። የመስቀል አደባባይ ከፍታ 2,355 ሜትር ገደማ መሆኑን ስናስታውስ፣ የየካ ሰው ወደ ሃላሳን ጫፍ የሚደርሰው ከቤቱ «ወርዶ» መሆኑን እንረዳለን።

የአየር ግፊቱን እናነጻጽር። በባሕር ጠለል ላይ ያለውን ግፊት 100 ብንለው በ2,400 ሜትር 75፣ በሃላሳን ጫፍ 79፣ በ3,000 ሜትር የእንጦጦ ከፍታ ላይ ደግሞ 69 ያህል ነው። ስለዚህ የትንፋሽ ነገር የየካውን ተጓዥ አያሳስበውም። ወራት በሴኡል የቆየ ተማሪ ግን ይህ መላመድ እየቀነሰበት ስለሚሄድ ብዙም አይተማመንበት።

ለሳንባችን ያደላልን ተፈጥሮ ለቆዳችን አያደላም። ጄጁ በሰሜን ኬክሮስ 33 ዲግሪ ላይ በመሆኗ ክረምቷ እውነተኛ ብርድ ነው። በጥር ወር የባሕር ዳርቻው አማካይ ሙቀት 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 6 ወይም 7 ዲግሪ እንጠብቃለን። የቀኑ ርዝመትም ይለያል፤ በእኛ ዘንድ አጭሩ ቀን ከ11 ሰዓት ተኩል አያንስም፤ በጄጁ በታኅሣሥ ቀኑ 10 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

እንጦጦ እንደ ቤተ ሙከራ

ወደ ሃላሳን ጫፍ ከሚያደርሱት መንገዶች አንዱ የሶንግፓናክ መንገድ ነው፤ ርዝመቱ 9.6 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡም 1,200 ሜትር ያህል ነው። ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ እ.ኤ.አ. በ1892 ቀላል ደንብ አውጥቷል፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅቡ ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ይያዝ ይላል። በዚህ መሠረት 1 ሰዓት ከ55 ደቂቃ እና 2 ሰዓት፣ በጠቅላላው 3 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይሆናል።

ይህ ለብርቱ ተራማጅ የወጣ ደንብ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ማባዣ ማግኘት አለበት። እንጦጦ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ተነሥታችሁ፣ በቡድን ሆናችሁና በቀን ብርሃን፣ ወደ ጋራው ውጡ። የተጓዛችሁትን ርቀትና የወጣችሁትን ከፍታ በስልካችሁ መዝግቡ። ለምሳሌ 6 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ 400 ሜትር ብትወጡ ደንቡ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ይሰጣችኋል። እናንተ 2 ሰዓት ከ20 ከፈጀባችሁ ማባዣችሁ 1.25 ነው። ለሶንግፓናክ 4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ያዙ ማለት ነው። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱ እናቶች በዚያው መንገድ ሲያልፏችሁ ስታዩ፣ የሸክም ነገር በዚህ ደንብ ውስጥ አለመግባቱን ታስተውላላችሁ፤ ቦርሳችሁን ሞልታችሁ ሞክሩት።

ደርሶ መልሱ ለብዙው ሰው 9 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በታኅሣሥ የ10 ሰዓት ቀን ላይ የሚተርፈው አንድ ሰዓት ነው። ከጫፉ በታች ካለው መጠለያ በቀትር ገደማ ያልደረሰ ሰው ወደ ላይ እንዲያልፍ አይፈቀድለትም፤ ወደ ጫፉ ለመውጣትም አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ሰዓት ያረፈደ ሰው ጫፉን ሳያይ ይመለሳል።

ነፋሱና መጠባበቂያው ቀን

ነፋስ በአንድ አካል ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ከፍጥነቱ ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። የጄጁ ገበሬዎች ይህን በልምድ ያውቁታል። የማሳቸውን ካብ ያለ ጭቃ፣ በድንጋዮቹ መካከል ክፍተት እየተዉ ይክባሉ፤ ነፋሱ በከፊል ስለሚያልፍ ካቡ አይፈርስም።

ለመንገደኛ ነፋስ ማለት የተሰረዘ በረራ ነው። በጥር 2008 ዓ.ም. በበረዶና በነፋስ ምክንያት የጄጁ አውሮፕላን ማረፊያ ለሁለት ቀናት ያህል ተዘግቶ በዐሥር ሺህ የሚቆጠሩ መንገደኞች በደሴቲቱ ቀርተው ነበር። የዝናቡ ወቅት ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ነው፤ ታይፉን የሚባለው ዐውሎ ነፋስም እስከ መስከረም ያሰጋል። ስለዚህ ሚያዝያና ግንቦት፣ ወይም ጥቅምት ተመራጭ ናቸው። በማንኛውም ወቅት ግን ከጄጁ ወጥቶ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ለመሳፈር ማቀድ አያዋጣም። በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን ይኑር።

ምን ልናይ?

ጄጁ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ናት፤ እንደ ውኃ የቀጠነ ላቫ በሰፊው ፈስሶ የሠራት። እንጦጦም የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው፤ ይሁንና ዐለቱ ሃያ ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቆጠረ ሲሆን፣ የጄጁ ከሁለት ሚሊዮን ዓመት አይበልጥም። የላቫው ገጽ ቀዝቅዞ ሲጠጥር ውስጡ መፍሰሱን ቀጥሎ ባዶ ቦይ ይተዋል፤ 7.4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የማንጃንግጉል ዋሻ በዚህ መንገድ የተፈጠረ ነው። ለጎብኚ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። 182 ሜትር የሚቆመው ሶንግሳን ኢልቹልቦንግ ደግሞ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ዐለት ከባሕር ውኃ ጋር ተገናኝቶ በፈነዳ ጊዜ የተሠራ ነው። የቢሾፍቱን ሐይቆች ያየ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ እዚያ ቅልጡ ዐለት የተገናኘው ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ነበር። ዩኔስኮ እነዚህን የጄጁ ሥፍራዎች በ1999 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ዕቅዱ በአጭሩ

ከሰባቱ ቀናት ሁለቱን ለመሄጃና ለመመለሻ እንተው። በቀሩት አምስት፦ የመጀመሪያው ከረፋድ በኋላ በባሕር ዳርቻ የእግር ጉዞ፤ ሁለተኛው በአውቶቡስ ወደ ዋሻውና ወደ መንደሮቹ፤ ሦስተኛው ሃላሳን፤ አራተኛው የፀሐይ መውጫውን አይቶ ወደ ሴኡል መብረር፤ አምስተኛው መጠባበቂያ። በሦስተኛው ቀን ተራራው ቢዘጋ አራተኛው ይተካዋል፤ መጠባበቂያው ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያገለግል አይዘንጋ።

ለአንባቢያን መልመጃ እንተው። በመጪው ቅዳሜ የእንጦጦ ማባዣችሁን ለኩ። ቀጥሎም በዚያው ቁጥር፣ በታኅሣሥ ከንጋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከሶንግፓናክ ተነሥታችሁ በቀትር ከጫፉ መድረስ ትችሉ እንደሆነ አስሉ። ማባዣው ከ1.15 ከበለጠ ጉዞውን ወደ ሚያዝያ ማዛወር ይበጃል።