የባህል ጥናት ሁለተኛ ዲግሪ፦ የበርሚንግሃም ማዕከልና ውርሱ

የባህል ጥናት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲሰጥ የአንድን ሕዝብ አልባሳት፣ በዓላትና ልማዶች መዝግቦ ከማቆየት ያለፈ ዓላማ ያለው ሲሆን፣ ዐቢይ ጥያቄውም ሰዎች በዕለት ተዕለት ኑሯቸው ለሚያደርጉት፣ ለሚሰሙትና ለሚያዩት ነገር ትርጉም የሚሰጡት እንዴት ነው፣ ከብዙዎቹ ትርጉሞች መካከል አንዱ ብቻ እንደ እውነት ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያደርገውስ የማን ሥልጣን ነው የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በስሙ የተሰየመ ተቋም ያገኘው በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ነው። ስለ ሠራተኛው መደብ ንባብና አኗኗር በ1957 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቁት ሪቻርድ ሆጋርት የዘመናዊ ባህል ጥናት ማዕከልን በ1964 እ.ኤ.አ. ሲመሠርቱ፣ የፔንግዊን መጻሕፍት መሥራች አለን ሌን በገንዘብ ረድተዋቸዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. ከሆጋርት አመራሩን የተረከቡት ጃማይካ ተወልደው ያደጉት ስቱዋርት ሆል እስከ 1979 እ.ኤ.አ. ድረስ ማዕከሉን የመሩ ሲሆን፣ ጥናቱ ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ የያዘው በእነዚህ ዓመታት ነው።

የማዕከሉ ታላቅ ቁም ነገር የድኅረ ምረቃ ተማሪውን ገና ከጅምሩ እንደ ተመራማሪ መቁጠሩ ነው። ተማሪዎች ከመምህራን ጋር በየርእሰ ጉዳዩ በቡድን ተከፋፍለው ያነብቡ፣ ይከራከሩ፣ ውጤቱንም በጋራ ያሳትሙ ነበር፤ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የብሪታንያ ጋዜጦች፣ ፖሊስና ፍርድ ቤቶች የጎዳና ላይ ዘረፋን ከጥቁር ወጣቶች ጋር አያይዘው የሕዝብ ስጋት ያደረጉበትን መንገድ የመረመረው መጽሐፍም የአምስት ሰዎች የጋራ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት የማዕከሉ ሴቶች በአንድነት ባሳተሙት ሌላ መጽሐፍ፣ የሴቶች ኑሮ በማዕከሉ በራሱ ጥናቶች ውስጥ እንኳ ተገቢውን ስፍራ እንዳላገኘ ያሳዩ ሲሆን፣ ተቋሙ ይህን ሒስ በራሱ ስም ማውጣቱ ሊደነቅ ይገባል።

ተማሪው ከሚማራቸው ፅንሰ ሐሳቦች አንዱ ሆል በ1973 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የመልእክት ቀረጻና ፍቺ ንድፍ ነው፤ ይኸውም የቴሌቪዥን ዝግጅት አቅራቢው ያሰበውን ትርጉም ይዞ ቢወጣም፣ ተመልካቹ እንዳለ ሊቀበለው፣ ከፊሉን ተቀብሎ ከፊሉን ከራሱ ኑሮ ጋር ሊያስታርቀው፣ ወይም ፈጽሞ ሊቃወመው ይችላል የሚል ነው። በመሆኑም ለመመረቂያ ጽሑፉ ጋዜጣ ወይም ፊልም የመረጠ ተማሪ የቃላቱን ይዘት መተንተኑ ብቻ በቂ አይሆንለትም፤ ማን አዘጋጀው፣ በማን ገንዘብ፣ እነማንስ እንዴት ተቀበሉት የሚሉትን ሁሉ በቃለ መጠይቅና በምልከታ ማጥራት ይጠበቅበታል።

በኋላ የትምህርት ክፍል የሆነው የበርሚንግሃሙ ማዕከል በ2002 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው ውሳኔ ቢዘጋም የአሠራሩ ተጽዕኖ በሌሎች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ቀጥሏል። በኢትዮጵያ ግን የባህል ምርምር ይበልጥ የተጠጋው ወደ ፎክሎር፣ ማለትም ወደ ሥነ ቃል፣ ሥርዓተ ክዋኔና ቁሳዊ ባህል ጥናት ነው። ሁለቱ መንገዶች የተለያየ መነሻ ይኑራቸው እንጂ የሚገናኙበት ስፍራ አለ፤ ተመራማሪው ፈቃደ አዘዘ ገበሬዎች ስለ ድርቅና ረሃብ የገጠሟቸውን ቃል ግጥሞች ሰብስበው በ1998 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተሙት ጥናት፣ የረሃቡ ታሪክ በባለሥልጣናትና በእርዳታ ድርጅቶች ሪፖርት ብቻ እንዳይጻፍ የተራቡትን ሰዎች ቃል እንደ ማስረጃ ያቀረበ በመሆኑ፣ የማን ድምፅ ይሰማል የሚለውን የባህል ጥናት ጥያቄ ከሥነ ቃል ተነሥቶ ይመረምራል።